የጊደሯ ደም

ሬሳውን ያገኘችው አላቢዋ ናት። ከሰዓት በኋላ ልታልብ ባልዲዋን አንጠልጥላ ወደ በረቱ ስትገባ ላሞቹ አንድ ጥግ ላይ ተፋፍገው ቆመዋል። በመጨረሻው ጋጥ ለብቻዋ የታሰረችው ጊደር ራሷን እየነቀነቀች ታቃስታለች። አንድ ቀንዷ ከሥሩ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል፤ ግድግዳው እስከ ጣሪያው ሥር ድረስ ደም ተረጭቶበታል። ከእግሯ ሥር የከብቶቹ ጌታ በአፍጢሙ ተደፍቷል። አላቢዋ ወግታው ነው ብላ አሰበች። ኢንስፔክተሩ እስኪመጣ ድረስ የመጣው ሰው ሁሉ እንዲሁ አሰበ።

ኢንስፔክተሩን በመሥሪያ ቤቱ «ሙጫው» ይሉታል። አንድ ነገር ላይ ከተለጠፈ በሙቅ ውሃም አይላቀቅም ለማለት ነው። ሚስቱ ስሙን ስትሰማ «ቤት ውስጥ የሚለጠፈው ወንበር ላይ ብቻ ነው» ብላለች አሉ። ሙጫው ሱሪውን ሰብስቦ ከሬሳው አጠገብ ተቀመጠ፤ የጭንቅላቱን ጀርባ ረዘም ላለ ጊዜ አየ።

«ቀንድ ይወጋል እንጂ አይፈልጥም» አለ ለሳጅኑ። «የጋጡ መቀርቀሪያ የት አለ?»

መቀርቀሪያው በቦታው የለም። ከእበት ጉድጓዱ ውስጥ አወጡት፤ ክንድ የሚያህል ብረት ነው፤ የጣት አሻራ የሚባል ነገር አልቀረበትም።

«ገዳዩ ሲመታው ጊደሯ ደንብራ ቀንዷን ከበሩ ብረት ጋር አጋጨች» አለ ሙጫው ወደ ግድግዳው እያመለከተ። «የተሰበረ ቀንድ እንደ ተበሳ ቧንቧ ነው። እዚህ የቆመ ሰው ልብሱ ንፁህ ሆኖ አልወጣም። ደሟ ያለበትን ልብስ ፈልጉልኝ።»

ጊደሯን ለማከም የአካባቢው የእንስሳት ሐኪም ተጠርቶ መጣ። ለስላሳ አነጋገር ያለው፣ ነጭ ካፖርቱ የተተኮሰ፣ ገበሬዎች ሁሉ «ሐኪማችን» የሚሉት ሰው ነው። የሟቹን ፊት ሲያይ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ፖሊሶቹ እያዩት የጊደሯን ቀንድ ቆርጦ አሠረላት። ሳጅኑ ለላቦራቶሪ የሚሆን ናሙና ሊወስድ መርፌ ሲያዘጋጅ ሐኪሙ እጁን ያዘው።

«ምስኪኗን እንደገና አትውጓት፤ ብዙ ደም ፈሷታል። ከጅራቷ ፀጉር ከነሥሩ ንቀሉ። ለዲኤንኤ ፀጉር ይበቃል።»

ልክ ነበር፤ መመሪያውም የሚለው ይህንኑ ነው። ሙጫው ራሱን ነቀነቀ፤ ሳጅኑም ፀጉሩን ነቅሎ በፖስታ ከተተ።

*

የሟቹ ታናሽ ወንድም የተያዘው ያኑ ቀን ነው። ጠዋት ሁለቱ ወንድማማቾች በረቱ በር ላይ ሲጯጯሁ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ታናሽየው ከአባታቸው የወረሱትን ቦታ ሽጦ ከተማ መግባት ይፈልጋል፤ ታላቅየው አሻፈረኝ ብሏል። ታናሽየው ሲወጣ «ከሁለት አንዳችን ሌላውን ካልቀበረ ይህ ነገር አያልቅም» ማለቱን የሰሙ አሉ። ይባስ ብሎ ሳጅኑ ቤቱ ሲደርስ ሱሪና ሸሚዙ ታጥበው ገመድ ላይ እየተንጠባጠቡ ነበር።

«ለምን አጠብክ?» አለ ሙጫው።

«እበት ጉድጓድ አጠገብ አዳልጦኝ ወደቅሁ።»

«መቀርቀሪያው የተገኘበት ጉድጓድ?»

«እኛ ቤት ጉድጓዱ አንድ ነው።»

«ከዚያስ የት ነበርክ?»

«ወንዝ ዳር። ብቻዬን።»

«ያየህ ሰው?»

«ብቻዬን አልኩ እኮ።»

«ወንድምህን ትወደው ነበር?»

ታናሽየው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ይህ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? ወንድሜ ነው። ስንጣላ ነው የኖርነው። የምጣላው ሌላ ሰው የለኝም።»

ሙጫው መልሱ ልቡን ነካው። የነካው ነገር ግን ማስረጃ አይደለም፤ ታናሽየውን ወደ ማረፊያ ቤት ላከው።

እናትየው ጣቢያ የመጡት በማግስቱ ነው። ጥቁር ነጠላቸውን አጣፍተው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ የቀረበላቸውን ውሃ አልነኩትም።

«እንግዲህ ሁለት ነበሩኝ» አሉ። «አንዱ ሞቷል። ሌላው አንተ ዘንድ ነው። እኔ የማለቅሰው ለአንድ ነው ወይስ ለሁለት? እሱን ብቻ ንገረኝ፣ ልጄ።»

«እናቴ፣ ምርመራው ገና ነው።»

«ገና ከሆነ እጠብቃለሁ። ግን እንዳታባብለኝ። ልጄ ልጄን ከገደለ ማወቅ አለብኝ፤ ካልገደለም አንዲት ቀን አትዘግይብኝ።»

ሙጫው ቃል ገባላቸው። ቃል መግባት እንደሌለበት ከሃያ ዓመት ሥራው ያውቃል፤ ግን እኚያን እናት ፊት ለፊት አይቶ እምቢ ማለት አልቻለም።

*

የተፈለገው ልብስ የተገኘው ማንም ባላሰበው ቦታ ነው። አንድ ጎረቤት የሐኪሙን መኪና በግድያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ከበረቱ ጀርባ ባለው መንገድ ማየቱን ተናገረ። ሙጫው መኪናውን አስፈተሸ። ከኋላ ወንበሩ ሥር የተጠቀለለ ሰማያዊ ቱታ ወጣ፤ ደረቱና ትከሻው በደረቀ ደም ነጠብጣብ ተሞልቷል።

ሐኪሙ አልደነገጠም። «ኢንስፔክተር፣ የእኔ ልብስ ደም ባይኖረው ነው የሚገርመው። ያን ቀን ጠዋት ከወንዙ ማዶ ያለው እርባታ ሄጄ የአንድ ወይፈን ቀንድ ቆርጫለሁ። ስመለስ በዚያ መንገድ አለፍኩ። ሂድና ጠይቅ።»

ሙጫው ሄደ። የእርባታው ባለቤት እውነት መሆኑን አረጋገጠ፤ ሐኪሙ ጠዋት መጥቶ ወይፈኑን አክሟል። ወይፈኑ ግን በማግስቱ ለሉካንዳ ተሽጧል፤ ሙጫው ሲደርስ ሰው ሳይበላው አልቀረም።

«እንግዲህ ሁሉም ነገር አንቺ እጅ ላይ ነው» አለ ሙጫው ላቦራቶሪ ገብቶ።

የላቦራቶሪዋን ኃላፊ «ዶክተሯ» ይሏታል። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ሴት ናት፤ በሥራዋ ግን እንዲህ ተሳስታ አታውቅም። ማሽኑ የሳለውን በኮምፒውተሩ ላይ አሳየችው፤ ጠፍጣፋ መስመር ላይ እዚህም እዚያም ቀጥ ብለው የቆሙ ጫፎች ናቸው።

«ላም ውስጥ ካለው ዲኤንኤ ግማሽ ያህሉ ድግግሞሽ ነው» አለች። «እኛም ውስጥ እንደዚያው ነው። ያንኑ አንድ ቃል ይላል፣ ይላል፣ ይላል።»

«እንደ እኔ አለቃ።»

«አለቃህ ቢያንስ ይደክመዋል። አንዳንዱ ድግግሞሽ በክሮሞሶሙ ወገብ ላይ እንደ ክምር ተከምሯል፤ አንዳንዱ ጫፍ ጫፉ ላይ ነው። ለኔ የሚጠቅመኝ ግን አጫጭሩ፣ በየቦታው የተበተነው ነው። ለምሳሌ አንድ ቦታ ላይ አንዷ ላም ያቺን ቃል አሥራ ሁለት ጊዜ ትደግማለች፤ ሌላዋ አሥራ ሰባት ጊዜ። አንዱን ቁጥር ከእናቷ፣ አንዱን ከአባቷ ትወርሳለች። ብዙ ቦታ ላይ ስቆጥር የሁለት ከብት ቁጥር አይገጥምም።»

«የቱታው ደምስ?»

«የአንድ ከብት ነው፤ ያውም የወንድ። ከጊደሯ ፀጉር ጋር አንዳንድ ቦታ ይመሳሰላል፤ ያው አንድ ዝርያ ስለሆኑ ነው። ግን እሷ አይደለችም።»

«እነዚህ ድንክዬዎቹ ጫፎችስ?» ሙጫው በረጃጅሞቹ ጫፎች አጠገብ ያሉትን ትንንሽ ጉብታዎች በጣቱ ነካ።

«ጥላ ናቸው። ዲኤንኤውን የሚያባዛው ኤንዛይም ድግግሞሹን ሲገለብጥ ይንሸራተትና አንዷን ቃል ይዘላል። በየሥራችን የምናየው ነው፤ አንቆጥራቸውም። ደግሞ ስክሪኔን በጣትህ አትንካ።»

ሐኪሙ እንግዲህ ነፃ ነው። ወይፈን አለ፤ ደሙም የወንድ ሆነ። የቀረው ልብሱን ያጠበው ወንድም ብቻ ነው።

ሬሳው ከምርመራ ተመልሶ ቀብሩ የደረሰ ቀን ሙጫው እናትየው ቤት ሄዶ ቆሞ ጠየቀ። «ታናሽየውን በአጀብ ለቀብሩ ላመጣው እችላለሁ። እርስዎ ካሉ።»

«መጀመሪያ የጠየቅሁህን መልስልኝ» አሉ።

«ሌላ የምንጠረጥረው ሰው ነበር። የላቦራቶሪው ውጤት እሱን ነፃ አውጥቶታል።»

«እንግዲያ የኔ ልጅ ነው።»

«እናቴ፣ እኔ እንደዚያ አላልኩም።»

«ሌላ ሰው አለህ?»

ሙጫው ዝም አለ። እናትየው ያን ዝምታ እንደ ፍርድ ተቀበሉት። አላለቀሱም፤ ደጃፉ ላይ ወደ ቆሙት ለቀስተኞች ዞር ብለው ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ተናገሩ።

«እንዳታመጣው። ወንድሙን የበላ እጅ የወንድሙን አፈር አይነካም። ከዛሬ ጀምሮ የምትጠሩኝ ልጅ እንደሌላት ሴት ነው።»

ቃሉ ከቀብሩ በፊት ማረፊያ ቤት ደርሷል። ክፉ ወሬ እግር አያስፈልገውም። ታናሽየው ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንደተኛ ጠባቂዎቹ ተናገሩ።

*

ፋይሉ ሊዘጋ ነው። አለቃው ሙጫውን አንድ ሁለቴ አመሰገነው፤ ሙጫው ግን እንቅልፍ አጣ። ሐኪሙ ጠዋት ወደሠራበት እርባታ ለምን ደግሞ እንደሄደ ራሱም አያውቅም። የእርባታው ባለቤት አልነበረም፤ ሚስቱ ወተት ታጣራለች።

«ሐኪማችንን ደግሞ በምን ጠረጠራችኋቸው?» አለች። «እንደሳቸው ንፁህ ሰው የት አለ? የቀንድ ሥራ ሲኖር ከአንገት እስከ ጉልበት የጎማ ሽርጣቸውን ካልታጠቁ በረት አይረግጡም። ያን ቀንም ሽርጡን ያጠብኩላቸው እኔ ነኝ። ደሙ ከጎማ ቶሎ ይለቃል።»

«ከአንገት ጀምሮ?»

«ከዚህ» አለች አንገቷን እያሳየች።

ሙጫው ስለ ወተቱ ዋጋ አንድ ሁለት ነገር ጠይቆ በወጉ ተሰናበተ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ግን ሞተሩን ሳያስነሳ ተቀመጠ። የቱታው ደም ያለው ደረቱ ላይ ነው። ደረቱ ደግሞ ሽርጥ ሥር ነበር።

ዶክተሯ ስታየው ፊቷን አጠቆረች። «ቁጥር አይዋሽም እኮ።»

«ይዋሻል አላልኩም። ያ ደም ከወይፈኑ ሊረጭ አይችልም፤ ሽርጥ ታጥቆ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ደግመሽ እይው። ከዚያ ለቅቄሽ እሄዳለሁ።»

«አንተ ለቀህ ሄደህ ታውቃለህ?» መነጽሯን ከግንባሯ አወረደችና ሥዕሉን ከፈተች። መጀመሪያ እያጉረመረመች ነበር፤ ቆይታ ማጉረምረሙን ተወች። ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች።

«ምንድን ነው?»

«ጥላ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በአንድ ያንሳል። ከረጅሙ ጫፍ በስተግራ፣ በአንድ ቃል አጥሮ ነው የሚቆመው። ይህኛው ትንሽ ጫፍ ግን በስተቀኝ ነው። ያውም በሦስት ቃል ይበልጣል። መንሸራተት እንዲህ አያደርግም።» ድምጿ ወረደ። «ይህም ጥላ አይደለም። ይህም። በረድፍ አልፌያቸዋለሁ። ጥላ የለመደ ዓይን ሁሉንም ትንሽ ጫፍ ጥላ ይለዋል።»

የጊደሯን የፀጉር ውጤት አምጥታ ከላይ አስቀመጠችው። ትንንሾቹ ጫፎች እያንዳንዳቸው በጊደሯ ቁጥር ላይ አረፉ።

«ስለዚህ ቱታው ላይ እሷም አለች» አለ ሙጫው።

«አለች። ግን ከባሕር በጭልፋ፤ የቀረው ሁሉ ወንዱ ነው። ይህ አልገባኝም። ለመሆኑ የጊደሯን ደም ወስዳችሁ ነበር?»

«ፀጉሯን።»

«የግድግዳውንስ ደም?»

 የግድግዳው ደም ከማን እንደመጣ ሁሉም ሰው ያውቅ ስለነበር ማንም አልጠየቀም።

በማግስቱ ሳጅኑ የግድግዳውን ደም ፍቆ፣ ከጊደሯ የአንገት ሥርም ቀድቶ አመጣ። ዶክተሯ ውጤቱን ስታይ ሙጫውን በስልክ አልጠራችውም፤ ራሷ ጣቢያ መጣች።

«ከጊደሯ ሥር የተቀዳው ደም የወንድ ነው» አለች ሳትቀመጥ። «የግድግዳውም። የቱታውም። ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ትልልቁ ጫፍ ወንዱ፣ ትንንሹ እሷ። ጊደሯ መንታ ናት። ከወንድ ጋር ነው የተወለደችው።»

«ታዲያ መንታ ብትሆንስ?»

«ከብት መንታ ስትፀንስ የእንግዴ ልጃቸው ይገጣጠማል፤ ማኅፀን ውስጥ ደም ይለዋወጣሉ። ደም የሚሠሩት የወንድሟ ሴሎች እሷ መቅኒ ውስጥ ገብተው እዚያው ይቀራሉ። ፀጉሯ የራሷ ነው፤ ደሟ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የወንድሟ ነው። አንዳንዷ ላይ ትንሽ ነው፤ እሷ ላይ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወርሶታል።» እዚህ ላይ ተቀመጠች። «እንዲህ ያለች ጊደር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መሲና ናት። አትወልድም፤ አትታለብም። ይህን የማያውቅ የከብት ሐኪም የለም።»

ሙጫው እና ሳጅኑ ተያዩ። ከጅራቷ ፀጉር ንቀሉ ያላቸው ማን እንደነበር ሁለቱም አስታወሱ።

*

ጊደሯ የተገዛችበትን እርባታ አላቢዋ አሳየቻቸው። የእርባታው ባለቤት ምንም የሚደብቀው አልነበረውም።

«መንታ ናት፤ ለሥጋ ላወጣት ስል ሐኪሙ ‹ለኔ ተዋት፣ ቦታ አላጣላትም› አሉ። ወሰዷት። ወንድምየው ያውና» ብሎ በአጥሩ ጥግ የቆመውን ትልቅ በሬ አሳየ።

በዚህ ምርመራ ቃሉን ያልተጠየቀ የቀረው ወንድም እሱ ብቻ ነበር። በሬው ጅራቱ ሲነጭ ሳጅኑን ሊረግጠው ሞከረ፤ ከዚያ በቀር ተባብሯል። ቁጥሮቹ በቱታው ደም ላይ ካሉት ረጃጅም ጫፎች ጋር አንድም ሳይዛነፉ ገጠሙ።

ሐኪሙን ሲያመጡት ነጭ ካፖርቱን ለብሶ ነበር። ሙጫው ሦስቱን ሥዕሎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋለት። ለማስረዳት አፉን ሲከፍት ሐኪሙ እጁን አነሳ።

«አታስረዳኝ። ሳየው ይገባኛል።»

«እንግዲህ አንተ አስረዳኝ።»

ሐኪሙ የካፖርቱን እጅጌ አስተካከለ። «በሥጋ ዋጋ ገዝቼ የምትወልድ ብዬ መሲና ሸጥኩለት። የመጀመሪያዋ አልነበረችም፤ በሌሎች ገበሬዎች በረት ውስጥም አሉ። ስታረግዝ ሲጠብቅ፣ እኔም ‹ታገሥ› ስለው ቆየን። እሱ ግን ሳይነግረኝ ከሌላ ቦታ ሐኪም አስመጥቶ አስመርምሯት ኖሯል። ያን ቀን አስጠራኝና ነገ ገበሬውን ሁሉ ሰብስቤ ጉድህን አወጣለሁ አለ። ለመንኩት። ‹ጨርሻለሁ› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። መቀርቀሪያው እጄ ላይ ነበር።»

«ከዚያ መጥተህ ጊደሯን አከምካት።»

«ማከም ሥራዬ ነው።»

«ደሟን እንዳንወስድ ያደረግኸው አስበህ ነው?»

«ደሟ ከተመረመረ መንታ መሆኗ ይታወቃል ብዬ ፈራሁ።»

«ሰው ገድለህ የፈራኸው ይህንን ነው?»

«አዎ» አለ ሐኪሙ። «በዚያ ሰዓት የታየኝ እሱ ብቻ ነበር። ወንድምየው መታሰሩን የሰማሁት በኋላ ነው። ከሰማሁ በኋላም ዝም አልኩ።»

ሙጫው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይቷል፤ እንደዚህ ሰው ያስጠላው ግን አልነበረም።

*

ታናሽየውን ራሱ ሊፈታው ሄደ። ከግድግዳው ዞር ብሎ የሆነውን ሁሉ አዳመጠ፤ ደስታም ቁጣም አልታየበትም። ከስቷል፤ ጫማውን ለማሰር ሁለቴ አረፈ።

መኪና ውስጥ ግማሽ መንገድ ሄደው ተናገረ። «ለሷ ነግረሃታል?»

«ጠዋት ሄጄ ነገርኳቸው።»

«ምን አለች?»

«ምንም። መሬት ላይ ተቀመጡ።»

በሩ ላይ ሲደርሱ እናትየው ውጭ ቆመው ይጠብቃሉ። ነጠላው ከትከሻቸው ወርዷል፤ አላነሱትም። ልጃቸው ከመኪናው ሲወርድ ሊሮጡ ቃጡና ተደናቅፈው እግሩ ሥር ተደፉ። ታናሽየው ፈጥኖ አነሳቸው። ነጠላቸውን መልሶ ትከሻቸው ላይ አደረገላቸው፤ ጉልበታቸው ላይ የያዘውን አቧራ በእጁ አራገፈላቸው።

«ግባ ልጄ» አሉ። «ቤትህ ግባ። ምግብም አለ። በላዬ ላይ የፈለግኸውን በል፣ ብቻ ግባ።»

«ወንድሜ የት ነው የተቀበረው?»

«እኔ አሳይሃለሁ። ና፣ አብረን እንሂድ።»

«አይ» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ከኢንስፔክተሩ ጋር እሄዳለሁ።»

«እሱ እኮ ነው ያሰረህ!»

«እሱ ጠረጠረኝ፤ ሥራው ነው። ጠርጥሮም ሲፈልግ ነበር። አንቺ ግን አመንሽ፣ እማዬ።»

 ታናሽየው እናቱን የበሩን መቃን አስይዞ ወደ መኪናው ተመለሰ፤ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋ።  ሙጫው ገብቶ ሞተሩን አስነሳና መንገዱን ወደ መቃብሩ ያዘ።